ሆድ ይፍጀው ያለውን ሰው ማከም
የዐይን እንቅስቃሴ ሕክምና በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች



በአማርኛ «ሆድ ይፍጀው» የሚባል አነጋገር አለ። የደረሰበትን ነገር በአፉ ማውጣት ያልፈለገ፣ ወይም ቢያወጣው የሚያገኘው ጥቅም እንደሌለ የገመተ ሰው ይህን ብሎ ዝም ይላል። ሰሚውም ከዚያ በላይ አይጠይቀውም። አነጋገሩ ከላዩ ሲያዩት የትዕግሥት ቃል ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን መፍጀት ማለት ማቃጠልና መጨረስ ስለ ሆነ፣ ዝም ያለው ሰው ትዝታው ውስጥ ውስጡን እየበላው መሆኑን በራሱ አንደበት ያመነበት ቃል ነው። የዚህ ንግግር መነሻ ይህ ሰው ነው፤ ጥያቄውም፣ ያየውን ለመናገር የማይፈልግ ወይም የማይችል ሰው ሊታከም ይችላል ወይ የሚል ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ ዓለምና ከጊንጪ አንሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ እስከ ባኮ ድረስ፣ ይህን ቃል ለመናገር ምክንያት ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አምቦ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ለሙቅ ምንጯና ለማዕድን ውሃዋ ሲል ፈውስ ፈላጊ ከሩቅ የሚመጣባት ከተማ ናት። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን ስሟ ከኀዘን ጋር ተያይዞ ሲነሣ ቆይቷል። በሚያዝያ ወር 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በተነሣው የተማሪዎችና የነዋሪዎች ሰልፍ ላይ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሰዎች ሞቱ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ኦሮሚያን አዳረሰ። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. አምቦ እንደገና ልጆቿን ቀበረች። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገደለው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ተወላጅ ነበርና ከሦስት ቀን በኋላ በትውልድ ከተማው ሲቀበር፣ ኀዘን በኀዘን ላይ ተደረበ። በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል የተካሄደው ውጊያም በዞኑ የገጠር ወረዳዎች ለሚኖረው ሕዝብ ግድያን፣ እገታንና መፈናቀልን አስከትሎበታል።

በእነዚህ ሁኔታዎች ላይ ፍርድ መስጠት የሌላ መድረክ ሥራ ነው። ሐኪሙን የሚመለከተው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ በሰውየው አካል ውስጥ የሚቀረው ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1972 ዓ.ም. ባወጣው የሕመሞች መዝገብ ውስጥ «ድኅረ አደጋ ጭንቀት» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል ስም የገባው ሕመም ምልክቶቹ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ይመለሳል፤ በቅዠት ይመጣል፤ በሩ ሲመታ፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ አካል ቀድሞ ይደነግጣል። ሰውየው ያን ቦታ፣ ያን መንገድ፣ ያን ወሬ ይሸሻል፤ እንቅልፉ ይሸሸዋል፤ ማታ ማታ አረቄ ካልቀመሰ ዐይኑን የማይከድንም አለ። አደጋ ያየ ሰው ሁሉ በዚህ ሕመም ይያዛል ማለት አይደለም። የሚበልጠው ሰው በጊዜ ብዛት፣ በዘመድና በጎረቤት ድጋፍ ይጽናናል። የማይጽናናው ግን አለ፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው «ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይነፋኛል» እያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በመነጋገር የሚሰጡት የታወቁ ሕክምናዎች አብዛኛዎቹ የሚጀምሩት «የሆነውን ይንገሩኝ» በማለት ነው። ለምሳሌ በዩጋንዳ ለሱዳን ስደተኞች ተሰጥቶ ጠቃሚነቱ የተመሰከረለት በሕይወት ትረካ የሚሰጠው ሕክምና ታካሚው ከልደቱ ጀምሮ ያለፈበትን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲናገርና እንዲጻፍለት ይጠይቃል። በስደተኞች መጠለያ፣ ከአገር ውጭ፣ ከጎረቤት ዐይን ርቆ ላለ ሰው ይህ እፎይታ ሊሆን ይችላል። በአምቦ ወይም በጌዶ ግን ካርድ ክፍል የተቀመጠችው የሠፈር ልጅ ናት፤ ነርሱ የማን ወገን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የተጻፈው ወረቀት ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ልጅዋ ጫካ የገባባት እናት፣ ወይም ልጅዋ በጫካ ሰዎች የተገደለባት እናት፣ ሁለቱም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። የተደፈረችዋ ልጅ ነገሯን ብታወጣ ትዳሯን ታጣለች። እነዚህን ሰዎች «መናገር ይፈውሳል» ብሎ መወትወት፣ ሕመማቸውን ካለማወቅ ሳይሆን አገራቸውን ካለማወቅ የሚመጣ ስሕተት ነው።

በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኢ.ኤም.ዲ.አር. የሚባለው፣ በዐይን እንቅስቃሴ ክፉ ትዝታን የማለዘብና እንደገና የማደራጀት ሕክምና፣ ለእነዚህ ከተሞች ልዩ ጥቅም አለው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ውስጥ ይህን ሕክምናና በአደጋ ትዝታ ላይ የሚያተኩረውን የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና ለአዋቂዎችም ለልጆችም እንዲሰጡ ሲመክር፣ የሁለቱን ልዩነት ለይቶ አመልክቷል። በዐይን እንቅስቃሴ ሕክምና ታካሚው የሆነውን በዝርዝር እንዲተርክ አይገደድም፤ እምነቱን በክርክር እንዲለውጥ አይጠየቅም፤ ከአስፈሪው ትዝታ ጋር ለረጅም ጊዜ ፊት ለፊት ተፋጥጦ እንዲቆይ አይደረግም፤ ቤቱ ወስዶ የሚሠራው የቤት ሥራም አይሰጠውም። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ገበሬም፣ ምሥጢሩን ለማንም ላለማውጣት ለቈረጠ ተማሪም፣ እነዚህ አራት ነገሮች መቅረታቸው ትልቅ እፎይታ ነው።

የሕክምናው አመጣጥ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በ1979 ዓ.ም. ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተማሪ በካሊፎርኒያ በአንድ መናፈሻ ስትዘዋወር፣ የሚያስጨንቃት ሐሳብ ዐይኖቿ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ እየቀለላት መሄዱን ልብ አለች። በወዳጆቿ ላይ ሞከረችው፤ ቀጥላም በ22 ሰዎች ላይ ያደረገችውን ጥናት በ1981 ዓ.ም. አሳተመች። እስከ ሞተችበት እስከ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ድረስ ዘዴውን ስታሻሽልና ስታስተምር ኖራለች። በነገራችን ላይ፣ በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በአማኑኤል ሆስፒታል ማሠልጠን የተጀመረው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ዛሬ በክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተብሎ የሚጠራው ክፍል ብዙውን ጊዜ ቆሞ የኖረው በእነዚያ ነርሶችና በተተኪዎቻቸው ጫንቃ ላይ ነው። ስለ ሕክምናው ሲነገር አድማጭ ሊያስበው የሚገባው የአሜሪካውን መናፈሻ ሳይሆን የእነዚህን ነርሶች ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በደንብ የማይዘጋ በር።

እንበልና አንዲት እናት ከጊንጪ አካባቢ ወደዚህ ክፍል መጣች። ከዓመታት በፊት ልጅዋን ትምህርት ቤት የላከችበት ቀን ተኩስ የተተኮሰበት ቀን ነበር። ሕክምናው ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ስለ ሕክምናው የሰማ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የጣት ማወዛወዝ ግን የሚመጣው በአራተኛው ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ታሪኳን መቀበል ነው። ታሪክ መቀበል ማለት ግን ጉዳዩን በሙሉ ማስወራት አይደለም። ነርሱ ሊያውቀው የሚገባው ጤናዋን፣ ቤቷን፣ ማን አብሯት እንደሚኖር፣ ራሷን ለመግደል አስባ እንደ ሆነ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ መጠጥና መድኃኒት ትወስድ እንደ ሆነ ነው። ስለዚያች ቀን «ከልጄ ጋር የተያያዘ ነገር ነው» ብትል ይበቃል።

ሁለተኛው ደረጃ ማዘጋጀት ነው፤ ከስምንቱም ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። የሚደረገው ሁሉ ይገለጽላታል፤ ማቆም በፈለገች ጊዜ እጅዋን ብታነሣ ወዲያው እንደሚቆም ይነገራታል፤ ይህም በሙከራ ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ በሐሳቧ የምትጠጋበት የሰላም ሥፍራ ትመርጣለች። የውጭ አገር መጻሕፍት በዚህ ጊዜ ቤትን፣ የባሕር ዳርቻን ይጠቅሳሉ። ቤቷ የተቃጠለባት፣ ወይም ልጅዋ የወጣበት ደጃፍ ሁልጊዜ ከፊቷ የሚቆም ሴት ግን ቤቴ ሰላሜ ነው ልትል አትችልም። በልጅነቷ ከብት ይዛ የወረደችበት ምንጭ፣ የደንዲ ሐይቅ ዳር፣ የአያቷ ጓሮ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው የሚቸኩል ከሆነ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ደረጃ ለኢትዮጵያዊ ሠልጣኝ ለማስረዳት ከአገር ልማድ ውስጥ ከመርዶ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መርዶ አዋቂ ሰው ይነግረዋል እንጂ ያገኘ ሁሉ አይነግረውም። አስቀድሞ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሟቹ ለማን ምን እንደ ሆነ ይታሰባል፤ ሰዓቱ ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ንጋት ላይ ይሆናል። ደጋፊዎቹ በግራና በቀኝ ሳይቆሙ ቃሉ አይወጣም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሰው ክፉ ነገር ብቻውን ሊያጋጥመው እንደማይገባ የሚያስተምር ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን በምዕራብ ሸዋ ከተሞች መርዶ ሳይነገረው በስልክ፣ ወይም የልጁን ሬሳ ሥዕል በፌስቡክ አይቶ ያወቀ ወላጅ አለ። ለቅሶውም ቢሆን በስጋት መካከል የተቀመጡት ለቅሶ ነበር። በወግ ያልተረዳና በወግ ያልተለቀሰ ኀዘን በሕክምና ክፍል ሲነሣ፣ ያን ጊዜ ያልተደረገው ዝግጅት ቢያንስ አሁን ሊደረግ ይገባዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ትዝታውን መለካት ነው። ከዚያች ቀን ከሁሉ የሚከፋው ሥዕል የትኛው ነው? እናቲቱ ካልፈለገች አትናገረውም፤ በዐይነ ኅሊናዋ ማየቷ ይበቃል። ምናልባት መሬት ላይ የወደቀ ደብተር ይሆናል፤ ነርሱ ይህን ሳያውቅ ሊያክማት ይችላል። ሥዕሉን ስታይ ስለ ራሷ ምን እንደምታምን ትጠየቃለች። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ላይ «ዋጋ የለኝም»፣ «ደካማ ነኝ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ እነዚህን ቃል በቃል ተርጉሞ ማቅረብ የሚያስከትለው ግራ መጋባትን ብቻ ነው። የእርስዋ ቃል «ለምን ላክሁት?» የሚል ነው። ሥራው ከዚያው ከጥያቄዋ መነሣት አለበት፤ በኋላ ልታምንበት የምትፈልገውም «እንደ እናት ያደረግሁት ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህም ቃል በምትጸልይበትና በምታለቅስበት ቋንቋ መነገር አለበት። ለአብዛኛው የዞኑ ነዋሪ ያ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። አማርኛ ሆድ የሚለውን ኦሮምኛ «ገራ» ይለዋል፤ ልብ የሚለውን «ኦኔ» ይለዋል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ኀዘንን የሚያስቀምጡት ከራስ በታች ነው። ስለዚህ «በሰውነትዎ ላይ የት ይሰማዎታል?» የሚለው የዚህ ደረጃ ጥያቄ፣ በውጭ አገር ታካሚዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ሲሆን፣ ለዚህች እናት ግን ከሁሉም ጥያቄዎች የሚቀላት ነው።

ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር፣ አዲሱ እምነት ደግሞ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ይለካል። ቁጥር ለማይመቸው ሰው እንስራ ማሰብ ይቻላል፤ እስከ አፉ ሞልቷል ወይስ ግማሽ ነው፣ ወይስ ከታች ጥቂት ቀርቷል? ለመዝገቡ የሚያስፈልገውን ቁጥር ነርሱ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

አሁን ጣት ይመጣል። ነርሱ ከፊቷ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ሁለት ጣቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል፤ እናቲቱ ራሷን ሳታዞር በዐይኗ ትከተላለች። ሃያ አራት ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ ያቆማል። «ይተንፍሱ። አሁን ምን መጣ?» ይላታል። አንድ ቃል ትናገራለች፣ ወይም ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ «እርስዎን ይከተሉት» ይላትና ይቀጥላል። አይከራከራትም፣ አያጽናናትም፣ አይተረጉምላትም። ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ወይም በሌላ ይተካል፤ ከደብተሩ ወደ ሳቁ፣ ከሳቁ ወደ ቀብሩ፣ ከቀብሩ ወደ አንድ የተረሳ ደግ ጎረቤት ሊሄድ ይችላል። ጭንቀቱ እየወረደ ወደ ምንም ሲጠጋ፣ በአምስተኛው ደረጃ አዲሱ ቃል ከአሮጌው ሥዕል ጋር ይያያዛል፤ በስድስተኛው በሰውነት ውስጥ የቀረ ጭብጥ እንዳለ ይፈተሻል፤ በሰባተኛው ሥራው ተጠናቀቀም አልተጠናቀቀም እናቲቱ ተረጋግታ እንድትወጣ ይደረጋል፤ ስምንተኛው በሚቀጥለው ቀጠሮ ያለፈውን እንደገና መመርመር ነው። አንድ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ነጠላ አደጋ ለደረሰበት አዋቂ ሰው ጥቂት ቀጠሮዎች ሊበቁት ይችላሉ፤ መከራው ለተደራረበበት ሰው ግን ከዚያ ይረዝማል።

ስለ ዐይን ነገር ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። በኦሮሚያ ገጠር ትራኮማ ብዙ ዐይን ጎድቷል፤ የዐይን ቆቡ የታጠፈበት ሽማግሌ ጣት ተከተል ቢባል የሚተርፈው እንባና ሕመም ነው። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ሁለት ጉልበቶቹን ወይም መዳፎቹን በፈረቃ መታ መታ ማድረግ፣ ወይም በግራና በቀኝ ጆሮ ተራ በተራ ድምፅ ማሰማት ይቻላል። ሁለተኛው፣ በዐይን ፊት ጣት የሚያወዛውዝ ሰው በአንዳንዶች ዘንድ ጠንቋይ ሊመስል መቻሉ ነው። ስለ ዐይን ብዙ የሚታመንበት አገር ነው። ጸበል የምትጠመቅ ሴት ጸበሏን እንድትተው ልትጠየቅ አይገባም፤ ሕክምናው አእምሮን የሚያስት ወይም የሚያስተኛ እንዳልሆነ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነቅታ የምታዝዘው እርስዋ ራሷ እንደ ሆነች ግን አስቀድሞ መነገር አለበት። በ1990 ዓ.ም. አካፑልኮ የተባለችውን የሜክሲኮ ከተማ አውሎ ነፋስ ካፈረሳት በኋላ፣ የሕክምናው ባለሙያዎች ልጆችን በቡድን ሲያክሙ ሉሲና አርቲጋስ ያስተዋወቀችው ዘዴ በዚህ ረገድ ይጠቅማል። ልጁ ክንዶቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ትከሻዎቹን በየተራ ይነካል፤ የቢራቢሮ እቅፍ ይሉታል። ማንም ፊቱ አይቆምም፣ ማንም አይነካውም።

የዐይኑ እንቅስቃሴ በእርግጥ ሥራ ይሠራል ወይ የሚለው ክርክር ሠላሳ ዓመት ቆይቷል። ዴቪድሰንና ፓርከር በ1993 ዓ.ም. ቀደም ያሉትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሕክምናው ይጠቅማል፣ ዐይን ማንቀሳቀሱ ግን የጨመረው ነገር አልታየም ብለው ደመደሙ። ሊና ኩይፐርስ በ2005 ዓ.ም. ያወጡት ተመሳሳይ ምርመራ ደግሞ እንቅስቃሴው የራሱ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ የአእምሮ የሥራ ሰሌዳ ጠባብ ነው የሚለው ነው። ሰው ክፉውን ሥዕል ይዞ በዚያው ጊዜ ጣት ከተከተለ፣ ሁለቱ ለአንድ ሰሌዳ ይሻማሉ፤ ሥዕሉ ጉልበቱን ያጣል፤ ሲመለስም ደክሞ ይመለሳል። ይህ ትክክል ከሆነ ምሥጢሩ በጣቱ ውስጥ የለም። ሌላ አእምሮን በመጠን የሚይዝ ሥራም ሊተካው ይችላል። ይህ ለሕክምናው ውርደት ሳይሆን ለምዕራብ ሸዋ ነርስ ነፃነት ነው፤ ዐይን ባይሆን እጅ፣ እጅ ባይሆን ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄውን ሁሉ በጣቱ ላይ ከማድረግ ይድናል።

በጦርነት አጠገብ ስለ መሥራት በቱርክ ድንበር በኪሊስ የስደተኞች መጠለያ በ70 ሶርያውያን ላይ የተደረገው ጥናት ጥሩ ምስክር ነው። ሕክምናውን ያገኙት፣ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ይልቅ ሕመማቸው በጉልህ ቀንሷል። ነገር ግን ኪሊስ ከድንበሩ ወዲህ ነው። «ድኅረ አደጋ» የሚለው ስም አደጋው አልፏል የሚል ግምት በውስጡ አለው፤ ጀልዱ ወይም ዳኖ ለሚመለስ ታካሚ ግን ሌሊት የሚሰማው ኮቴ ትዝታ ላይሆን ይችላል። ነቅቶ ማደሩም ሕመም ላይሆን፣ ማስተዋል ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱን ሁሉ አለዝቦ መስደድ፣ ውሻውን ገድሎ ሌባ እንደ መጠበቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ባለሙያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ቆይቶ፣ ታካሚው እንቅልፍ እንዲያገኝ፣ ራሱን ማረጋጋት እንዲለምድ፣ ያለፈውን ትዝታ ካለው አደጋ ለይቶ እንዲያውቅ ቢረዳው ብዙ ሠርቷል። ሰላም ባለበት ወራት ወደ አራተኛው ደረጃ ይሄዳል። አንዳንድ ሠልጣኞች ይህን እንደ ግማሽ ሥራ ይቈጥሩታል፤ ተሳስተዋል።

ሌላው እንቅፋት መንገድ ነው። ታካሚው አንድ ጊዜ ይመጣና ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል፤ መንገዱ ይዘጋል፣ እርሻ ይደርሳል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠፋል። እንግዲህ ያልተጠናቀቀ ትዝታ ተከፍቶ እንዲሄድ ማድረግ ቁስል ከፍቶ ሳይሰፉ እንደ መተው ነው። መፍትሔው አንድም ሰባተኛውን ደረጃ ሳይዘሉ መፈጸም፣ አንድም ቀጠሮዎቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጠጋጋት ነው። ከጦር ሜዳ በተመለሱ አሜሪካውያን ላይ በተሠራ ጥናት በየቀኑ በተከታታይ የተሰጠው ሕክምና በየሳምንቱ ከተሰጠው ያላነሰ ውጤት አሳይቷል። ከገጠር መጥቶ አምቦ ዘመድ ቤት አምስት ቀን ማደር ለሚችል ሰው፣ ይህ አምስት ሳምንት ከመመላለስ ይሻለዋል። ከዚህ ጋር መታሰብ ያለበት፣ አደጋው ከደረሰ አንድ ወር ላልሞላው አዋቂ ጭንቀቱን ለማብረድ ብሎ ዳያዜፓምንና መሰሎቹን መስጠትን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደማይደግፍ ነው። በእነዚያ የተኩስ ሳምንታት ፋርማሲዎች ስንት ፍሬ እንደ ሸጡ ቢቈጠር የሚያሳዝን ይሆናል።

ሽማግሌዎችና እድሮች ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ደም የሚታረቅበት የጉማ ሥርዓት አለ፤ ገዳይና የገዳይ ወገን ቀርቦ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይከፈላል፣ ቂም ይፈታል። ነገር ግን ጉማ እንዲጀመር ገዳይ መታወቅ አለበት። ልብሱ ብቻ የታየ ወታደር፣ ወይም ፊቱን ሸፍኖ የመጣ ታጣቂ ወገን ሆኖ የሚቀርብ ሽማግሌ የለውም። እርቅ ሊደርስበት ባልቻለው በዚህ ሥፍራ ላይ ሕክምና ትዝታን ሊያለዝብ ይችላል፤ ፍትሕን ግን አይተካም። «ሕክምና ከወሰድሁ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ታካሚ ሊያጋጥም ይችላል፤ መልሱ አይደለም ነው። ትዝታው ሲቀል ምስክርነቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ያን ቀን ተደናግሮ የነበረውን ነገር ተረጋግቶ የሚናገርበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ የሚናገር ከሆነም በራሱ ፈቃድና በመረጠው ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ትምህርት በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሐኪሞቹ ቁጥር ቢጨምርም፣ ለወረዳ ከተሞች የሚደርሱት ዛሬም ነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና የሥነ ልቡና ምሩቃን ናቸው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ተስፋውን የጣለው በእነርሱ ላይ ነው። ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኞች በኢ.ኤም.ዲ.አር. ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን በአዲስ አበባ አሠልጥነዋል። የጥቂት ቀናት ሥልጠና ግን መነሻ ነው እንጂ ብቃት አይደለም፤ የሠለጠነው ሰው ሥራውን የሚያሳየው፣ የተሳሳተበትን የሚነግረው አንጋፋ በየጊዜው ያስፈልገዋል። ከአምቦ እስከ ባኮ የተበተኑ ጥቂት ሠልጣኞች በወር አንድ ጊዜ አምቦ ላይ ቢሰበሰቡ፣ ወይም መንገዱ ሲዘጋ በስልክ ቢነጋገሩ፣ ከሌላ አዲስ ሥልጠና ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

በመጨረሻ፣ ስለ ሠልጣኞቹ ራሳቸው መነሣት ያለበት ጉዳይ አለ። በዚህ ሥልጠና ልማድ ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያክማል፣ አንዱ ይታከማል፣ አንዱ ይመለከታል፤ የሚታከመውም በልብ ወለድ ጉዳይ ሳይሆን በራሱ ትዝታ ነው። ለልምምዱ መካከለኛ ክብደት ያለው ትዝታ እንዲመረጥ ይመከራል፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር የተደረገ ጠብ፣ የወደቁበት ፈተና። ከምዕራብ ሸዋ የመጣ ነርስ ግን በእነዚያ ቀናት በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ ቁስለኛ ተቀብሎ፣ ምናልባትም ከተቀበላቸው መካከል የሚያውቀውን ልጅ አይቶ ሊሆን ይችላል። እርሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። «ቀላል ትዝታ ምረጥ» ሲባል ትንሹን ሊመርጥ ይሞክራል፤ ጣቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ትንሹ ወደ ትልቁ ይመራዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ከተሞች ሥልጠና ሲዘጋጅ፣ ከልምምዱ ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ብቻውን የሚያነጋግረው አንድ አንጋፋ ባለሙያ ይመደብለት፤ ከልምምዱ በኋላም ማታ ወደ ቤቱ ብቻውን እንዳይመለስ ይደረግ።